ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! … ዶሮዎቼን ማን ይጠብቅልኝ?

«ጓዳና ጓሮ» ዛሬም እንደ ልማዱ ከደብዳቤዎቻችሁ መካከል አንዱን መዝዞ ቀርቧል። ነገሩን ላይ ላዩን ሲያዩት የዶሮ ጉዳይ ነው። «ደግሞ ለዶሮ!» ብላችሁ ገጹን ለመግለጥ የተዘጋጃችሁ ካላችሁ ግን እባካችሁ ትንሽ ታገሡን። በገጠሩና በትንንሽ ከተሞቻችን በሬው የአባወራው ሲሆን ዶሮዋ የእማወራዋ ናት። የእንቁላል ገንዘብ ማለት ጨው ነው፣ ደብተርና እስክሪብቶ ነው፣ ልጅ ሲታመም የካርድ ማውጫ ነው። ባል ሳይጠየቅ የሚወጣ፣ የሴቷ የራሷ ገንዘብ! ስለዚህ ሸለምጥማጥ ቆጥ ላይ ሲወጣ የሚበላው ዶሮ ብቻ አይደለም።

ደብዳቤው እነሆ፦

«ይድረስ ለጓዳና ጓሮ አዘጋጅ። ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? እኔ የሦስት ልጆች እናት ስሆን የምኖረው በምሥራቅ ጎጃም፣ በደብረ ኤልያስ ነው። ቤታችን ከከተማው ወጣ ብሎ ማሳ ዳር ነው ያለው። እቁብ የደረሰኝ ጊዜ ማንንም ሳላማክር 30 የፈረንጅ ቄቦች ገዛሁ። እግዜር ይመስገን አድገው እንቁላል ጀመሩ። የልጆቼን ደብተርና ዩኒፎርም ከእንቁላሉ ገንዘብ ሸፈንኩ።

ምን ያደርጋል! አንድ ሌሊት ሸለምጥማጥ ገብቶ ስድስቱን አንገት አንገታቸውን እየበጠሰ አነጠፋቸው። አንዷን እንኳን በቅጡ አልበላም። ከዚያ ወዲህ ጣዕሙን አውቆ ተመላለሰብኝ፤ ዛሬ የቀሩኝ 17 ናቸው። ቀን ቀን ደግሞ ጭልፊት አለ። የሐበሻዋ ዶሮዬ 11 ጫጩት ፈልፍላ ነበር፤ አሁን 3 ብቻ ይዛ ትዞራለች።

ቤተሰቡ ለሦስት ተከፍሏል። አማቴ ‹ውሻ የሌለው ቤት ቤት አይባልም፣ ቡችላ አምጪ› ይላሉ። የእህቴ ልጅ ከባሕር ዳር መጥቶ ‹በውጭ አገር ዝይና ጅግራ ናቸው ዶሮ የሚጠብቁት› አለኝ። ባለቤቴ ግን ‹ሥጋ በመርዝ ለውሼ አጥር ሥር ላስቀምጥለትና ይገላግለናል› ብሎ መርዙን ገዝቶ ቤት አስገብቷል። እኔ የምፈራው ሌላ ነው። የጎረቤታችን ውሻ ማታ ማታ በግቢያችን ያልፋል። ጎረቤታችን ደግሞ አበልጃችን ናቸው። ውሻቸው ቢሞት በምን ፊቴ አያቸዋለሁ? ውሻ ላሳድግ እንዳልልም ደጃችን ላይ የቆሎ ተማሪ አይጠፋም፤ የሰው ልጅ ቢነክስብኝስ? የቀሩትን ለፋሲካ ሸጬ ልገላገል ብዬ ነበር። እባካችሁ ቶሎ መልስ ስጡኝ።

እህታችሁ፣ ከደብረ ኤልያስ።»

እህታችን፣ ደብዳቤሽን አንብበን ስናበቃ መጀመሪያ የታየን ዶሮው ሳይሆን መርዙ ነው። ስለዚህ ከእሱ እንጀምር።

መርዙን ዛሬውኑ ከቤት አውጪው

ባለቤትሽ ክፉ አስቦ እንዳልሆነ ይገባናል። ዶሮ የታረደበት ሰው ይናደዳል። ዳሩ ግን መርዝ የተቀባ ሥጋ አድራሻ የለውም። ሸለምጥማጡ ይበላው ዘንድ የተቀመጠውን ሥጋ ቀድሞ የሚያገኘው አብዛኛውን ጊዜ ማሽተት የሚያውቀው ውሻ ነው። ከውሻ ቢተርፍ ድመት፣ ከድመት ቢተርፍ አሞራ ያነሳዋል። ዶሮዎችሽም ጭረው ያገኙትን ሁሉ የሚለቅሙ ናቸው። «ዶሮ ጭራ ጭራ አወጣች ካራ» መባሉን አትርሺ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሦስት ልጆች ያሉበት ቤት ውስጥ መርዝ ማስቀመጥ በራሱ ሌላ አደጋ ነው።

ደግሞስ ሸለምጥማጡ ቢሞት ነገሩ ያበቃል? አያበቃም። አንዱ ሲሞት ቀለብ ያለበትን ቦታ ሌላው ይወርሰዋል። ሸለምጥማጥ ዋነኛ ምግቡ ዶሮ ሳይሆን አይጥ መሆኑም ሊታወቅ ይገባል። ዓመቱን ሙሉ የጎተራችሁን አይጥ ሲለቅም የሚያድር እንስሳ ነው። ዶሮ ቤቱ ከተዘጋበት ተመልሶ አይጡን ያድናል። ይልቁንስ እሱን ብትገድሉት በቆሎና ጤፋችሁን የሚጠብቅ ማን ሊሆን ነው? የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ ማጥመድና መግደል በሕግ እንደሚያስጠይቅም ለባለቤትሽ ንገሪልን።

የአበልጃችሁን ጉዳይ በተመለከተ ሥጋትሽ ልክ ነው። ውሻ ንብረት ነው። መርዙ የእሳቸውን ውሻ ቢገድል ሽምግልና ብቻ ሳይሆን ካሣም ሊያስከትል ይችላል። ዶሮ ይገዛል፤ አበልጅ ግን ከገበያ አይገኝም።

ሌባውን ለይቶ ማወቅ

ጠባቂ ከመቅጠር በፊት የሚጠበቀው ከማን እንደሆነ ማወቅ ያሻል። አዳኝ ሁሉ የየራሱ ፊርማ አለው።

ሌሊት ገብቶ ብዙ ዶሮ ገድሎ፣ አንገት በጥሶ ሬሳውን ትቶ የሚሄድ ከሆነ፣ አንቺ እንደገመትሽው ሸለምጥማጥ ወይም የእሱ ብጤ ነው። አንዷን እንኳን በቅጡ አለመብላቱ ያስገርማል አይደል? ምክንያቱ ቀላል ነው። ዶሮዎቹ በተዘጋ ቤት ውስጥ ሲራወጡና ክንፋቸውን ሲያርገበግቡ የአውሬው የአደን ስሜት አይቆምለትም። ያገኘውን ሁሉ ይነክሳል።

ዶሮዋ እንዳለች ጠፍታ ላባ ብቻ በመሥመር ወደ ቁጥቋጦ የሚሄድ ከሆነ ቀበሮ፣ አነር ወይም ባለጌ ውሻ ሊሆን ይችላል። በጠራራ ፀሐይ ጫጩት ብቻ አንድ አንድ እያለ የሚጎድል ከሆነ ጭልፊት፣ ጭላት ወይም ቁራ ነው። እንቁላል እየተሰበረ የሚገኝ ከሆነ ደግሞ አይጥን ጠርጥሪ፤ አንዳንዴም ራሷ ዶሮዋ ትሆናለች።

እንግዲህ ያንቺ ሌቦች ሁለት ናቸው፤ አንዱ የሌሊት፣ አንዱ የቀን። ለሁለቱ አንድ ዓይነት ጠባቂ አይበቃም። የዛሬው ምክራችን ጠቅላላ ፍሬ ነገርም ይኸው ነው፦ ቀኑን እንስሳ ይጠብቃል፣ ሌሊቱን በር ይጠብቃል! ይህን ያልለየ ሰው አሥር ውሻ ቢያሳድግ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ነው የሚሆንበት።

ውሻ ይጠብቃል ወይ?

የአማትሽ ሐሳብ መልካም ነው። ውሻ ዶሮ መጠበቅ እንደሚችል ከሩቅ አገር የመጣ ግሩም ምስክር አለልሽ።

በአውስትራሊያ፣ ዋርናምቡል ከምትባል ከተማ አጠገብ አንዲት ትንሽ ደሴት አለች። ፔንግዊን የሚባሉ፣ መብረር የማይችሉ ትንንሽ የባሕር ወፎች ይራቡባታል። ቀድሞ በመቶዎች የሚቆጠሩ ነበሩ። ባሕሩ ጎደል ሲል ቀበሮዎች እየተሻገሩ ፈጇቸውና እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ2005 ከአሥር ያነሱ ብቻ ቀሩ። መድኃኒቱን ያመጣው ምሁር እንዳይመስልሽ። የአካባቢው ዶሮ አርቢ ነው! ሰውዬው ማሬማ የሚባል የኢጣሊያ የእረኛ ውሻ ዝርያ ገዝቶ ዶሮዎቹን ከቀበሮ ያስጠብቅ ነበርና «ዶሮ የጠበቀ ፔንግዊን ያቅተዋል?» አለ። በ2006 ውሾቹ ወደ ደሴቲቱ ገቡ። ውሾቹ ባሉበት ጊዜ ቀበሮ ድርሽ ማለት ተወ፤ ፔንግዊኖቹም እንደገና ከመቶ በላይ ለመሆን በቁ። በ2015 ታሪኩ ፊልም እስከ መሆን ደርሷል።

ታሪኩ ግን በዚህ አላበቃም። በ2017 ባሕሩ አስቸግሮ ውሾቹ ከደሴቲቱ በራቁበት ሰሞን ቀበሮዎች ተሻግረው ገቡና ብዙ ፔንግዊን ፈጁ። አየሽ እህቴ? ጠባቂው በሌለበት ሰዓት ሌባው ሰዓት አይስትም!

«እኔ የኢጣሊያ ውሻ ከየት ላምጣ?» አትበይ። አያስፈልግሽም። ዘሩ ያግዛል እንጂ አስተዳደጉ ነው ወሳኙ። የአገራችን ውሻ ዶሮ ጠባቂም ዶሮ በልም የሚሆነው በአሳዳጊው ነው። ታዲያ እንዴት ይደግ?

አንደኛ፣ ቡችላው በ8 ሳምንቱ ገደማ ከእናቱ ይለይ። ሲመረጥ እናቲቱን እዪ። ዶሮ በሚርመሰመስበት ግቢ ውስጥ ረጋ ብላ የምትተኛ ውሻ ከሆነች ልጇም ተስፋ አለው። ከሁሉ ቀድሞ ዘሎ የሚናከሰውን ሳይሆን ረጋ ያለውን ምረጪ።

ሁለተኛ፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ዶሮ እያየና እየሸተተ ይደግ። ነገር ግን ብቻውን ከዶሮዎቹ ጋር አይተው። ቡችላ የሚያባርረው ሊጫወት ነው፤ ጫጩት ግን በጨዋታም ይሞታል። ሲያባርር ወዲያው ቆጣ ብለሽ አስሪው፤ ረጋ ሲል ደግሞ አሞግሺው፣ ቁራሽ ስጪው። መደብደብ አያስፈልግም። የተደበደበ ውሻ አንቺ ስታይ ይታገሣል፣ ዞር ስትዪ ይበቀላል።

ሦስተኛውን ልብ ብለሽ አድምጪ፤ ብዙ ቤት የሚበላሸው እዚህ ላይ ነውና። ለበዓል ዶሮ ሲታረድ አንጀቱን፣ እግሩንና ላባ የተለወሰውን ሁሉ «እንካ» ብለን ለውሻው እንወረውራለን። የተሰበረ እንቁላልም እንዲሁ። የሞተ ጫጩትም እንዲሁ። ከዚያ ውሻው ዶሮ ሲበላ ጊዜ «ይህ ባለጌ!» እንላለን። ማን አስተማረው? ዶሮ እንዲጠብቅ የሚፈለግ ውሻ ጥሬ የዶሮ ሥጋ፣ ላባና እንቁላል በአፉ መዞር የለበትም። የታረደው ዶሮ ትርፍራፊ ጉድጓድ ተቆፍሮ ይቀበር። ውሻው ጠግቦ ይደር፤ የተራበ ዘበኛ የራሱን አደራ ይበላል።

አራተኛ፣ አስተሳሰሩ ነው። በእኛ ልማድ ውሻ ቀን ይታሰራል፣ ማታ ይለቀቃል። ጭልፊት የሚመጣው ደግሞ ቀን ነው! ስለዚህ ከግንድ ጋር አሳጥሮ ከማሰር ይልቅ በግቢው ውስጥ ከአንድ ምሰሶ እስከ ሌላው ምሰሶ ሽቦ ዘርግታችሁ ገመዱን በቀለበት ሽቦው ላይ እንዲንሸራተት አድርጉት። ውሻው ወዲያ ወዲህ ይላል፣ በደጅ ያለፈውን ግን አይደርስበትም። ሰውና ውሻ ውር ውር በሚሉበት ግቢ ጭልፊት እንደ ልቡ አይወርድም።

አምስተኛ፣ ትዕግሥት። ውሻ ልብ ገዝቶ ብቻውን የሚታመነው ዓመት ከመንፈቅ፣ አንዳንዱም ሁለት ዓመት ሲሞላው ነው። ዛሬ ያመጣሽው ቡችላ ነገ ማታ ሸለምጥማጥ ያባርራል ብለሽ እንዳትጠብቂ። እስከዚያ ሌላ ዘዴ ያስፈልግሻል።

የቆሎ ተማሪውና የውሻው ነገር

«የሰው ልጅ ቢነክስብኝስ?» ያልሽው እጅግ አስደስቶናል። ብዙ ሰው ይህን የሚያስበው ከተነከሰ በኋላ ነውና። ደብረ ኤልያስ የታወቀች የቅኔ አገር ናት። ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ እንኳን በልጅነታቸው የቤተ ክህነት ትምህርት ከቀሰሙባቸው ደብሮች አንዷ ናት። ቀለብ ፍለጋ በየደጁ የሚዞረው ተማሪ አኩፋዳውን በአንድ እጁ፣ የውሻ መከላከያ ዱላውን በሌላ እጁ መያዙ ዛሬ የተጀመረ ነገር አይደለም። የዶሮ ጠባቂሽ ቁራሽ ለመለመን የመጣን የሰው ልጅ የሚዘነጥል ከሆነ ምን ዋጋ አለው?

በሕግም ቢሆን በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 2071 እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱን ተጠያቂ ያደርጋል። «ገመድ በጥሶ ነው፣ ሳላየው አምልጦ ነው» ማለት አያድንም። ይኸው ሕግ ላንቺም ይሠራል፤ የሰው ውሻ ዶሮሽን ቢበላና ማስረጃ ቢኖርሽ ባለቤቱን መጠየቅ ትችያለሽ፤ መርዝ ማስቀመጥ ግን አትችዪም።

ከሁሉ የሚከፋው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ቡችላው 3 ወር ሲሞላው፣ ከዚያም በየዓመቱ የወረዳችሁ የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ወስደሽ አስከትቢው። ምናልባት ሰው ቢነከስ ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚወርድ ውኃ ለ15 ደቂቃ ያህል ማጠብ፣ ከዚያም ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ግድ ነው። «ውሻው ምን ይሆን እንይ» እያሉ መጠበቅ፣ ቅጠል መቀባት፣ ቀን መቁጠር አያዋጣም። የበሽታው ምልክት አንዴ ከታየ ሰው የመትረፍ ተስፋው እጅግ የመነመነ ነው። ውሻ ማሳደግ ማለት ይህን ሁሉ ኃላፊነት መውሰድ ማለት መሆኑን ተነጋግራችሁ ወስኑ።

ዝይና ጅግራ፣ አህያም ጭምር!

የእህትሽ ልጅ የነገረሽ ውሸት አይደለም። የዝይ ጠባቂነት ጥንታዊ ነው። ሮማውያን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ390 ገደማ ጠላት በሌሊት ኮረብታቸውን ሲወጣ ውሾቹ ዝም ሲሉ ዝይዎቹ ጮኸው ከተማዋን አዳኑ ብለው ይተርካሉ። በስኮትላንድም አንድ የታወቀ የውስኪ ፋብሪካ ከ1959 እስከ 2012 ድረስ መጋዘኑን በዝይ መንጋ ሲያስጠብቅ ኖሯል። ከዚያ ወዲህ በካሜራ ተካቸው። አሁን ወደ ደብረ ኤልያስ እንመለስና፣ የቤት ዝይ በአገራችን ገበያ እንደ ልብ አይገኝም። ቢገኝም ዝይ ደወል እንጂ ወታደር አይደለም። ድመትና ቁራን ተንደርድሮ ያባርራል፤ ጅብና ቀበሮ ከመጣ ግን ራሱ እራት ነው።

ጅግራ ይሻላል? ጅግራ የአፍሪካ ልጅ ናት። እንደ ጋናና ቡርኪና ፋሶ ባሉ የምዕራብ አፍሪካ አገሮች ከዶሮ ጋር በየቤቱ ትረባለች። ዓይኗ ንቁ ነው። ጭልፊት ሰማይ ላይ ሲያንዣብብ፣ እባብ ሳር ውስጥ ሲንቀሳቀስ፣ እንግዳ ሰው ደጅ ሲደርስ ሰፈሩን በጩኸት ታናውጠዋለች። ጠባይዋ ግን ከዶሮ ይለያል። ሰፊ ሜዳ ትፈልጋለች፣ ሩቅ ትሄዳለች፣ ሲመሽ ዛፍ ላይ ካልወጣሁ ትላለች፤ እዚያ ደግሞ ሸለምጥማጥ ይጠብቃታል። እንቁላሏን በዶሮ ማስታቀፍ ይቻላል፤ ነገር ግን እንደ ዶሮ በ21 ቀን ሳይሆን ከ26 እስከ 28 ቀን ይፈጅባታል። ወደ ዓባይ በረሃ ወርዶ የዱር ጅግራ ማጥመድ ደግሞ ከላይ ያልነው የሕግ ጉዳይ ስላለበት አይሞከር። ለማዳ ጅግራ የሚሸጥ ካገኘሽ ግዢ፤ ካላገኘሽ አትቆጪ።

አንዳንድ አንባቢ ደግሞ «በአሜሪካ አህያ ነው የሚጠብቀው ሲሉ ሰምቻለሁ» ማለቱ አይቀርም። እውነት ነው፤ በግ አርቢዎች አህያ ከመንጋው ጋር ያሰማራሉ። አህያዋ ኮዮት የሚባለውን የቀበሮ ዘመድ ስታይ አናፍታ ትራገጣለች። እኛ አገር ግን ጅብ አለ! አባቶቻችን «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም» ያሉት ያለ ምክንያት አይደለም። እሱን ለአሜሪካኖች እንተውላቸው።

የረሳሽው ጠባቂ፦ አውራ ዶሮ

እስካሁን በሩቁ ስንፈልግ የቆየነው ጠባቂ እዚያው ግቢሽ ውስጥ ሊሆን ይችላል። አውራ ዶሮ ሥራው መጮህና ሰዓት መንገር ብቻ እንዳይመስልሽ። ሊቃውንት እንዳጠኑት አውራ ዶሮ ሁለት ዓይነት የአደጋ ድምፅ አለው። አደጋው ከሰማይ ሲሆን ቀጭንና የተሳበ ድምፅ ያሰማል፤ ሴቶቹ ይህን ሲሰሙ ሮጠው ከጥላ ሥር ይገባሉ። አደጋው በምድር ሲሆን ደግሞ ቆረጥ ቆረጥ እያደረገ ይንጫጫል፤ ያኔ አንገታቸውን ቀጥ አድርገው ያያሉ። ቋንቋ ማለት ነው!

በዚህ በኩል የሐበሻው አውራ ብልጫ አለው። ቀላል ነው፣ ይበርራል፣ ዓይኑ አይተኛም። የፈረንጅ ዶሮ ሥጋዋ ከብዶ፣ በተዘጋ ቤት ተፈልፍላ ያደገች ስለሆነች ጭልፊት ቢያንዣብብ ቀና ብላ አታይም። ስለዚህ ለ17ቱ ዶሮዎችሽ አንድ ወይም ሁለት ንቁ የሐበሻ አውራ ግዢላቸው። ቀለቡ ትንሽ፣ ደመወዝ አይጠይቅ! ጫጩት ያላት የሐበሻ እናትም ቁራን ተናንቃ የምታባርር ጀግና ናት።

ይሁን እንጂ ማስጠንቀቂያ ብቻውን ምን ይፈይዳል? ዶሮዋ ሮጣ የምትገባበት ከሌለ አዋጅ ሰምቶ ሜዳ ላይ መቆም ነው። ጭልፊት የሚወረወረው ገላጣ ላይ ነውና ግቢሽ ውስጥ ዝቅ ያለ ዳስ፣ የግራዋ ቁጥቋጦ ወይም በአራት ድንጋይ ላይ የተቀመጠ አሮጌ ቆርቆሮ በየቦታው ይኑር። ጥሬውን ሜዳ ላይ ሳይሆን ከእነዚህ አጠገብ በትኚ።

ሌሊቱን በር ይጠብቀው

አሁን ወደ ትልቁ ነገር ደረስን። ዶሮ ከመሸ በኋላ አታይም። አውራውም ጅግራዋም ዝይውም ጨለማ ላይ አቅም የላቸውም፤ ውሻም ቢሆን ይተኛል፣ ይዞራል። ሸለምጥማጥ ደግሞ ድመት የማይገባበት ይገባል፤ ጭንቅላቱ ካለፈ ገላው ይከተላል። በሳር ክዳን መካከል ይሾልካል፣ ግድግዳ ይወጣል። ስለዚህ የሌሊቱ ዘበኛ ጠንካራ ቤት ነው።

የዶሮ ቤቱ ከመሬት ከግማሽ ሜትር በላይ ከፍ ይበል። እግሮቹን በቆርቆሮ ብትጠቀልሏቸው ለመውጣት ያንሸራትተዋል። ጣሪያው ቢቻል ቆርቆሮ ይሁን፤ ግድግዳው በጭቃ ይመረግ። አየር እንዲገባ ከላይ በኩል መስኮት ይተውና ጣት ብቻ በሚያሳልፍ ጠንካራ የሽቦ ወንፊት ይሸፈን። ዶሮ ታፍና እንዳትታመም መስኮቱን ጨርሶ መድፈን አይገባም። ለ17 ዶሮ ሦስት ካሬ ሜትር ያህል ይበቃል፤ ቆጡም ከመስኮቱ ራቅ ይበል። በሩ በገመድ ሳይሆን በመቀርቀሪያ ይዘጋ። ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ዶሮዎቹን ቆጥሮ ማስገባት፣ መዝጋት፣ ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ መክፈት። ይህን ከልጆችሽ ለአንዱ ሥራ አድርገሽ ስጪው። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» እንዳይሆን፣ ለቡችላና ለዝይ ገንዘብ ከማውጣትሽ በፊት በሩን ሥሪ።

ስለ ጫጩቶቹ አንድ ቃል እንጨምር። በአገራችን ገጠር ከሚፈለፈሉት ጫጩቶች ከ40 እስከ 60 በመቶ የሚሆኑት 8 ሳምንት ሳይሞላቸው እንደሚያልቁ ጥናቶች ያሳያሉ፤ ዋነኞቹ ምክንያቶችም በሽታና አዳኝ ናቸው። ስለዚህ ከ11 ጫጩት 3 መቅረቱ ያንቺ ብቻ ዕጣ አይደለም። እናትየዋን ከጫጩቶቿ ጋር ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በሽቦ በተከለለ ቦታ ወይም ሰፋ ባለ ቅርጫት ሥር አውዪያቸው፤ ቀለብና ውኃ እዚያው ይቅረብላቸው። ፈንግል ከጭልፊት የበለጠ ጨራሽ ነውና ክትባቱን አትርሺ። አውሬ ጠብቀሽ በሽታ ቢወስዳቸው ያው ኪሣራ ነው።

በመጨረሻም…

እህታችን፣ ዶሮዎቹን አትሽጪ። 17 የሚጥሉ ዶሮዎች ትልቅ ነገር ናቸው። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ ዛሬ መርዙ ይውጣ፤ ዛሬ ማታ ዶሮዎቹ እናንተ በምትተኙበት ቤት ይደሩ። በዚህ ሳምንት ባለቤትሽ መርዝ ሊያስቀምጥ የተነሣበትን ጉልበት በዶሮ ቤቱ ላይ ያውለው፤ ቤቱ ጓጉቶ መፍትሔ የሚፈልግ ወንድ ካለው ምስማርና መዶሻ ስጪው! በሚመጣው ገበያ አንድ የሐበሻ አውራ ግዢ። ቡችላውን ግን የምታስከትቡት፣ የምታጠግቡትና የምታሠለጥኑት መሆናችሁን እርግጠኛ ስትሆኑ አምጡት። እንዲያውም አበልጃችሁ ዘንድ ሄደሽ «ውሻዎ ከዶሮ ጋር ይስማማል ወይ?» ብለሽ ብትጠይቂ መልካም ነው። ከዶሮ ጋር ተስማምቶ የኖረ ከሆነ ማታ ማታ በግቢያችሁ ማለፉ ጥበቃ ነው፤ ምናልባትም ቡችላው ከዚያው ይገኝ ይሆናል።

እናንተስ ውድ አንባቢያን? ዶሮ የጠበቀላችሁ፣ ወይም የበላባችሁ እንስሳ ካለ ጻፉልን። ለሌላው ትምህርት ይሆናል።

ቸር ይግጠመን!